የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የኢነርጂ ግምገማው ከእድሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የዚህ ዓምድ የዘወትር ተከታታይ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያህል የኖርንበትን ቤት ሸጠን አነስ ወዳለ ቤት ለመዛወር ወስነናል። ያነጋገርነው ደላላ ቤቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የኢነርጂ ቆጣቢነት ግምገማ ተደርጎለት የምስክር ወረቀት ሊኖረው እንደሚገባ ነግሮናል። እኛ ደግሞ ከሽያጩ በፊት ቤቱን ቀለም ልናስቀባ፣ ያረጀውን የውሃ ማሞቂያ ልንቀይርና የሳሎኑን መስኮቶች በድርብ መስታወት ልንተካ አስበናል። ግምገማው ከዚህ ሁሉ ሥራ በፊት ቢደረግ ይሻላል ወይስ ቤቱ አምሮ ካለቀ በኋላ? ገምጋሚውስ የሚያየው ምን ምኑን ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። ግምገማው ቀለሙንም መስኮቱንም ይቅደም እንላለን።

ገምጋሚው የሚመጣው የቤትዎን ማማር ሊያይ አይደለም። ቀለሙ፣ መጋረጃው፣ ፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው በስሌቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። እሱ የሚመዘግበው ባለቤቱ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ከቤቱ ጋር የሚቀረውን ነገር ነው፤ ይኸውም የቤቱን ስፋትና የተሠራበትን ዘመን፣ የግድግዳውን ዓይነትና ውፍረት፣ ከኮርኒሱ በላይ የተነጠፈውን የሙቀት መከላከያ፣ ወለሉን፣ መስኮቶቹንና በሮቹን፣ የቤቱንና የውሃውን ማሞቂያ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት፣ የአየር ማናፈሻውንና በቋሚነት የተተከሉትን መብራቶች ነው። ከእነዚህ መረጃዎች በመነሣት ቤቱ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ኢነርጂ እንደሚያስፈልገው በኮምፒዩተር ይሰላል። ውጤቱም በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከኤ እስከ ጂ ባሉት ፊደላት ይገለጻል፤ ኤ ከሁሉ የተሻለው፣ ጂ ከሁሉ ደካማው ነው።

ግምገማው ይቅደም ያልንበት ዋናው ምክንያት ከምስክር ወረቀቱ ጋር ተያይዞ የሚሰጠው የማሻሻያ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ የትኛው ሥራ ደረጃውን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው ይገለጻል፤ ብዙ ሻጮች ግን ይህን ወረቀት የሚያነቡት ገንዘባቸውን አውጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። በቀዝቃዛ አየር ጠባይ የሙቀት መከላከያ በሌለው ቤት ውስጥ ከሚባክነው ሙቀት ሩብ ያህሉ በጣሪያ በኩል፣ ሲሶ ያህሉ ደግሞ በግድግዳ በኩል እንደሚያመልጥ በተለምዶ ይገመታል። መስኮቶቹን ሁሉ ቀይረው ጣሪያውን እንዳለ የተዉ ሰዎች ፊደሉ ከነበረበት ፈቀቅ ሳይል ሲቀር የሚገረሙት ለዚህ ነው። በእኛ አስተያየት ለሽያጭ ብቻ ተብሎ የሚደረግ የመስኮት ለውጥ፣ አሮጌው መስኮት የበሰበሰ ወይም የማይዘጋ ካልሆነ በስተቀር፣ ወጪውን ይመልሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከኮርኒሱ በላይ መከላከያ ማንጠፍ፣ የሙቅ ውሃ ጋኑን ማልበስና ተራ አምፖሎችን በኤል ኢ ዲ መተካት ግን ከወጪያቸው አንጻር ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ስለ ውሃ ማሞቂያው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደረጃው የሚሰጥበት መለኪያ ከአገር አገር ይለያያል፤ በእንግሊዝ ዋናው ፊደል የሚወሰነው በኢነርጂው ወጪ ስሌት ሲሆን በፈረንሳይ ግን የፍጆታው መጠንና የካርቦን ልቀቱ አንድ ላይ ይታያሉ። ስለዚህ በወጪ በሚመዝን አገር ኤሌክትሪክ ከጋዝ የሚወደድ ከሆነ፣ የጋዝ ማሞቂያ ነቅለው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢተክሉ ዕቃው አዲስ ሆኖ ሳለ ደረጃው ሊወርድ ይችላል። ማሞቂያውን ከመግዛትዎ በፊት ገምጋሚውን «ይህንን ብተክል ውጤቱ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁት። ስሌቱ በኮምፒዩተር የሚሠራ በመሆኑ መልሱን ለማግኘት ረጅም ጊዜ አይወስድም። የምስክር ወረቀቱ በመዝገብ ከመስፈሩ በፊት ጊዜያዊ ውጤት ሊያሳይዎት ይችል እንደሆነም አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ከተስማሙ ማሻሻያው ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ሙሉ ግምገማ ላያስፈልግዎ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ሰነድ ነው፤ ደረጃ ያለአግባብ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚው ግድግዳ አይቦረቡርም፤ ወለል አይነቅልም። ከዓመታት በፊት በግድግዳው ውስጥ መከላከያ አስሞልተው ከሆነ በዓይን የማይታይና ማስረጃ የሌለው ነገር ስለሆነ፣ ቤቱ በተሠራበት ዘመን የተለመደው ግድግዳ እንዳለው ተቆጥሮ ይሰላል። የቃል ምስክርነት አይበቃም። ስለዚህ የሥራ ተቋራጩን ደረሰኝ፣ የዋስትና ወረቀቱን፣ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ የተነሡ ፎቶግራፎችንና የማሞቂያውን የሞዴል ቁጥር በአንድ አቃፊ አዘጋጅተው ይጠብቁት።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ግምገማ ሲካሄድ አጠገብ ቆሞ ተመልክቷል። ገምጋሚው መሰላል ዘርግቶ የኮርኒሱን መውጫ ክዳን ከፈተና በእጅ ባትሪ እያበራ ሜትሩን በመከላከያው ውስጥ አቁሞ ውፍረቱን ካነበበ በኋላ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ አነሣው። ዳር ዳሩ ላይ መከላከያው ወፍራም ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን ባለቤቶቹ ለዓመታት የከመሩት ካርቶን ተጭኖት እንደ ብርድ ልብስ ተጠፍጥፏል። በውስጡ የያዘውን አየር ያጣ መከላከያ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ክዳኑ በሚስማር ተመትቶ ወይም ቁም ሣጥን ተደግፎበት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መከላከያ «አይታወቅም» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እንግዲህ ከቀለም ቀቢው በፊት የሚጠራው ዕቃ የሚያወርድ ሰው ነው ማለት ነው።

መስኮቶችዎ ምን ዓይነት እንደሆኑ እርግጠኛ ካልሆኑ ሲመሽ ሻማ ለኩሰው ወደ መስታወቱ ያስጠጉና ጎንዎን ሰጥተው ነጸብራቁን ይመልከቱ። እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ የራሱን ነበልባል ስለሚያሳይ ድርብ መስታወት አራት ነበልባል ያሳያል፤ ከአራቱ አንዱ በቀለሙ ከሌሎቹ ከተለየ መስታወቱ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርግ ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ባለው ቀጭን ክፈፍ ላይም የተመረተበት ዓመት ታትሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻም ጊዜው እስኪያጥርብዎ አይጠብቁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ቤት ሲሠራ፣ ሲሸጥና ሲከራይ የምስክር ወረቀቱ እንዲቀርብ ደንግጓል፤ በ2010 የተሻሻለው መመሪያ ደግሞ ውጤቱ በሽያጭና በኪራይ ማስታወቂያው ላይ ጭምር እንዲገለጽ አዟል። ተመሳሳይ ሕግ ባለበት አገር የሚኖሩ ከሆነ ወረቀቱን ውል በሚፈረምበት ዕለት መፈለግ መዘግየት ነው።

ጥያቄ፦ የማከራየው አፓርታማ አለኝ። የምስክር ወረቀቱ ከተሰጠ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ደረጃውም ኤፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያውን ለውጫለሁ። ተከራዬ ሊወጣ ስለሆነ ለአዲሱ ተከራይ አሮጌውን ወረቀት ማሳየት እችላለሁ? አየር የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች ሁሉ ብደፍናቸውስ ደረጃው ይሻሻላል?

መልስ፦ የምስክር ወረቀቱ በብዙ አገሮች የሚያገለግለው እስከ 10 ዓመት ነው፤ በዚያ ስሌት ወረቀትዎ ገና አልሞተም። ሆኖም ማሞቂያውን ከለወጡ አሮጌው ወረቀት የሚናገረው አሁን ስለሌለ ቤት ነው፤ የሚጎዳውም እርስዎን ነው። አዲስ ማስገምገሙ ያዋጣዎታል እንላለን።

ከዚህ የሚከብደው ግን ደረጃው ነው። በአንዳንድ አገሮች ወረቀት መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ከተወሰነ ፊደል በታች የሆነ ቤት ጨርሶ አይከራይም። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ለአዲስ ውሎች፣ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ ለነበሩትም ዝቅተኛው ደረጃ ኢ ሆኗል፤ በሕግ የተፈቀደ ነጻ መሆኛ ምክንያት ኖሮት ያንኑ ካላስመዘገበ በስተቀር የኤፍ ቤት ያለው አከራይ ሊቀጣ ይችላል። በፈረንሳይ ከጥር 2025 ጀምሮ ጂ ደረጃ ያላቸው ቤቶች በአዲስ ውል እንዳይከራዩ ተከልክሏል፤ የኤፍ ተራ በ2028፣ የኢ ደግሞ በ2034 እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። ስለዚህ አዲሱን ተከራይ ከማነጋገርዎ በፊት ያሉበት አገር ዝቅተኛ ደረጃ ወስኖ እንደሆነ ያረጋግጡ።

ቀዳዳ ስለ መድፈን የጠየቁት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበር ስር፣ በመስኮት ጠርዝና ቧንቧ ግድግዳ በሚበሳበት ቦታ የሚገባው ነፋስ በእርግጥ መደፈን አለበት፤ ቀጭን ወረቀት በጠርዙ ላይ ይዘው ሲርገበገብ ካዩት ቦታውን አገኙት ማለት ነው። ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚያካሂዱ ባለሙያዎች በውጭው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው በቤቱ ውስጥና በውጭ መካከል 50 ፓስካል የሚሆን የግፊት ልዩነት በመፍጠር ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ ይለካሉ። ነገር ግን ሆን ተብሎ የተሠራው የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት አየር ማናፈሻ ከሌላው ቀዳዳ ጋር አብሮ መቆጠር የለበትም። እሱን ከደፈኑት የማብሰያውና የሻወሩ እንፋሎት መውጫ አጥቶ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ከቁም ሣጥን ጀርባም ሻጋታ ይወጣል። ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው፤ በቂ አየር ሳያገኝ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ጥያቄ፦ ለመከራየት ሁለት ቤት አይቻለሁ፤ ሁለቱም ዲ ናቸው። አከራዮቹ ወጪያቸው እኩል ነው ይላሉ። ልመን?

መልስ፦ አይመኑ። ፊደሉ ሰፋ ያለ እርከን ነው፤ አንዱ ቤት ሲ ለመድረስ ጥቂት የቀረው፣ ሌላው ወደ ኢ ሊወርድ ያለ ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ላይ ያለውን የአንድ ካሬ ሜትር ፍጆታ ፈልገው በቤቱ ስፋት ያባዙት። በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈልጉ ሁለት ቤቶች አንዱ 50፣ ሌላው 80 ካሬ ሜትር ቢሆኑ የመጀመሪያው በዓመት 10,000፣ ሁለተኛው 16,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ማሞቂያው በምን እንደሚሠራም ይጠይቁ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ ዋጋ አንድ አይደለምና።

ይህ ቁጥር ቤቱን ከቤት ጋር ለማወዳደር የተሰላ እንጂ የእርስዎን ሂሳብ የሚተነብይ አይደለም። ስሌቱ በአማካይ ነዋሪ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚሠራ ሰውና ማታ ብቻ የሚገባ ሰው በአንድ ቤት እኩል አይከፍሉም። የሚቻል ከሆነ አከራዩን ያለፈውን ዓመት የመብራትና የጋዝ ደረሰኝ ይጠይቁት፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አድራሻም የሚከራዩት ቤት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአንድ ሕንፃ ላይ ከጣሪያ ሥር ያለው ቤትና መሐል ፎቅ ላይ ያለው ቤት ደረጃቸው ሊራራቅ ይችላል።