«ሚስተር ማኮቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ላለው አንድ የጃፓን አማካሪ ድርጅት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ኢሜይሉ ከሥር ‹ማኮቶ ታናካ› ይላል። እኔም ‹ዲር ሚስተር ማኮቶ› ብዬ መለስኩ። በኋላ ጓደኛዬ ‹ማኮቶ የሴትም ስም ነው እኮ› ስትለኝ ደነገጥኩ። ስለ ስሙ ሳነብ ደግሞ ትርጉሙ እውነት፣ ቅንነት መሆኑን አየሁ። ኢንተርቪው ላይ ‹የስምዎን ትርጉም አውቃለሁ፣ በጣም ደስ ይላል› ብል ይጠቅመኛል? ወይስ ዝም ልበል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። የተጠራሽው በትምህርትሽና በሲቪሽ ነው። አንዲት የሰላምታ መስመር ከወረፋው አታስወጣሽም። ከውጭ ሰው ጋር የሚሠሩ ጃፓኖች «ሚስተር ማኮቶ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው የመጀመሪያቸው አይደለም።

በሚቀጥለው ኢሜይልሽ «ዲር ታናካ-ሳን» ብለሽ ጀምሪ። በቃ። ሦስት አንቀጽ ይቅርታ አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ጉዳዩን ያገዝፈዋል። «ሳን» ለወንድም ለሴትም፣ ላገባም ላላገባም፣ ለአለቃም ለባልደረባም ይሆናል። ስለዚህ ጓደኛሽ ያስደነገጠችሽን ጥያቄ ሳትመልሺው ታልፊዋለሽ። ግን ለራስሽ እንዳትቀጥዪው። «እኔ እንትና-ሳን ነኝ» አይባልም፤ የአክብሮት ቅጥያ የሚሰጠው ለሌላ ሰው ነው።

ስህተቱ የመጣው ከልማዳችን ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም ነው የምንጠራው። «አቶ ከበደ»፣ «ዶክተር አልማዝ» እንላለን፤ የአባት ስም ተከትሎ ይመጣል እንጂ መጠሪያ አይሆንም። በጃፓን የሥራ ቦታ ግን መጠሪያው የቤተሰብ ስም ነው። «ታናካ» ቤተሰቡ ሁሉ የሚጋራው ስም ነው፤ «ማኮቶ» ወላጆች ያወጡት የግል ስም ነው። በግል ስም መጥራት ለቤተሰብ፣ ለልጅነት ጓደኛ፣ ለቅርብ ሰው ነው። ስለዚህ «ሚስተር ማኮቶ» ስትዪ በአክብሮትና በመቀራረብ መካከል የሆነ ነገር ብለሻል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ የቤተሰብ ስም ለሁሉም ጃፓናዊ ከደረሰ ያን ያህል ረጅም ጊዜ አልሆነውም። ከዚያ በፊት በይፋ የሚጠቀሙበት በዋናነት ሳሙራዮችና ሌሎች የተፈቀደላቸው ሰዎች ነበሩ። የሜይጂ መንግሥት (በዚያ ዘመን ጃፓንን ያስተዳድር የነበረው) እ.ኤ.አ. በ1870 ተራው ሕዝብም እንዲይዝ ፈቀደ፤ በ1875 ደግሞ ግዴታ አደረገው። ብዙዎቹ ስሞች ከመሬትና ከመንደር የተወሰዱ ናቸው። «ታናካ» ራሱ በሩዝ ማሳ መሃል እንደማለት ነው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በጃፓንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፦ ታናካ ማኮቶ። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ለረጅም ጊዜ ገልብጠው «ማኮቶ ታናካ» ይሉ ነበር። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ በይፋዊ ሰነዶቹ ላይ በእንግሊዝኛም የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ወስኗል። የግል ድርጅቶችና ግለሰቦች ግን አሁንም እንደፈለጋቸው ይጽፋሉ። አንድ መላ ልስጥሽ፦ ከሁለቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ከተጻፈ የቤተሰብ ስሙ እሱ ነው። ታናካ፣ ሳቶ፣ ሱዙኪ፣ ታካሃሺ የሚሉትን ብታውቂ ደግሞ ብዙ አትሳሳቺም፤ በጣም የተለመዱ የቤተሰብ ስሞች ናቸው።

አሁን ወደ ማኮቶ እንምጣ። አንብበሽዋል፤ ግን ግማሹን ብቻ ይመስለኛል።

«ማኮቶ» ጥንታዊ የጃፓንኛ ቃል ነው። «ማ» እውነተኛ ማለት ነው፤ «ኮቶ» ነገር ወይም ቃል። ስም ሆኖ በብዛት የሚጻፍበት ካንጂ (ከቻይና የመጣው፣ ትርጉም ያለው የጽሕፈት ምልክት) ሁለት ክፍል አለው፤ በግራ ንግግር፣ በቀኝ ደግሞ መሆን ወይም መፈጸም። ያ ምልክት በኮንፊሽየስ ትምህርት ትልቅ ቦታ አለው፤ ከልብ መሆንን፣ አለማስመሰልን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1863 በኪዮቶ የተመሠረተውና የሾጉኑን (የጦር ገዢውን) ሥርዓት በሰይፍ ይጠብቅ የነበረው ሺንሴንጉሚ የተባለው ቡድን ባንዲራው ላይ ያጻፈው ይህንኑ አንድ ምልክት ነበር። ጃፓናዊ ሰው ምልክቱን ሲያይ ቅንነትን ብቻ ሳይሆን ያንን ባንዲራም ሊያስታውስ ይችላል።

እኛም ዘንድ «እውነቱ» የሚባል ሰው አለ። በሐሳብ ማኮቶና እውነቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ዝናውን በተመለከተ ጥሩ መረጃ አለ። ሜይጂ ያሱዳ የተባለው የሕይወት መድን ድርጅት በየዓመቱ የተወለዱ ልጆችን ስም ደረጃ እያወጣ ያሳትማል፤ ዝርዝሩ ወደ ኋላ እስከ 1912 (እ.ኤ.አ.) ይሄዳል። በዚያ ዝርዝር ማኮቶ፣ በዚያው በአንዱ ካንጂ የተጻፈው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በአብዛኞቹ ዓመታት ከወንዶች ስም አንደኛ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ጦርነቱ አልፎ አገሪቱ በፍጥነት የምታድግበት ዘመን ነበር፤ ወላጆች አጭርና ቁም ነገር ያለው ስም ይወዱ ነበር። ከዚያ ዳይሱኬ መጣና ወንበሩን ወሰደ። ዳይሱኬ በ1980 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር ጎልቶ በወጣው አራኪ ዳይሱኬ ምክንያት ይበልጥ ተወደደ። በዚያው ዓመት የተወለደው ታዋቂው ወርዋሪ ማትሱዛካ ዳይሱኬ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ወላጆች ሃሩቶ፣ ሬን እያሉ ነው የሚያወጡት።

ይህ ለሥራ ፈላጊ ምን ያደርጋል? ትንሽ ነገር ይጠቁማል። ማኮቶ የሚባል ሰው አርባዎቹን የተሻገረ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በጃፓን ድርጅት ውስጥ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ኃላፊ ነው። ሃሩቶ የሚል ስም ካየሽ ግን ወጣት ጠብቂ። እርግጠኛ ሆነሽ እንዳትደመድሚ ብቻ፤ በ1984 የተወለደ ማኮቶም አለ። ኳስ ከወደድሽ ታውቂዋለሽ፦ ሃሴቤ ማኮቶ። በ2010፣ በ2014 እና በ2018 የዓለም ዋንጫ የጃፓን አምበል ነበር። በ2008 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱም ኮባያሺ ማኮቶ ነው።

ጓደኛሽ ግን ልክ ናት። ማኮቶ በአብዛኛው የወንድ ስም ቢሆንም ለሴትም ይወጣል። ለሴት ሲሆን ብዙ ጊዜ በሁለት ካንጂ ይጻፋል፤ አንዱ እውነት ነው፣ ሌላው ኮቶ የሚባለው ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ምልክት። ሂካሩ፣ ጁን፣ ካኦሩም እንደዚሁ ለሁለቱም ፆታ የሚሆኑ ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈ «ማኮቶ» ይህን ሁሉ ይደብቃል። አንቺ ያነበብሽው ትርጉም የአንዱ አጻጻፍ ትርጉም ነው፤ ኢሜይል የላኩልሽ ሰው በየትኛው እንደሚጽፉት ከኢሜይሉ አይታወቅም።

ነገሩ በሌላ አቅጣጫም ይጠማዘዛል። አንድ ስም በብዙ ካንጂ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ካንጂም በብዙ ድምፅ ይነበባል። «ትልቅ» እና «መብረር» በሚሉት ምልክቶች የተጻፈ ስም ሂሮቶም ሃሩቶም ያማቶም ሊሆን ይችላል። ለስም የሚፈቀዱት ካንጂዎች በሕግ የተወሰኑ ናቸው፤ ሦስት ሺህ ገደማ። አነባበቡ ግን ለረጅም ጊዜ ልቅ ነበር። እንዲያውም በቤተሰብ መዝገባቸው ላይ የስም አነባበብ በሕግ እንዲሰፍር የተደረገው በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጃፓኖች ራሳቸው እርስ በርስ «ስምዎ እንዴት ይነበባል?» ይባባላሉ። ነውር የለውም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄሽ። ኢንተርቪው ላይ «የስምዎን ትርጉም አውቃለሁ» ልበል ወይ? የኔ ምክር፦ አትበዪ። አንደኛ፣ ካንጂውን ስላላየሽ ልትሳሳቺ ትችያለሽ። ሁለተኛ፣ አሁንም ስለ ግል ስማቸው ነው የምታወሪው፤ በኢሜይሉ የሆነውን ልትደግሚው ነው። ሦስተኛ፣ ገና ሳትቀጠሪ ጠያቂን ማሞገስ በእኛም አገር ያስተዛዝባል። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው መንገዱን ወይም ድልድዩን እንዴት እንደምትሠሪ፣ ለምን እነሱን እንደመረጥሽ፣ ችግር ሲገጥምሽ ቶሎ ለአለቃሽ ታሳውቂ እንደሆነ ነው። የመጨረሻዋን አትናቂያት። ጃፓኖች «ሆ-ረን-ሶ» የሚሏት ልማድ አለች፤ ሪፖርት ማድረግ፣ ማሳወቅ፣ ማማከር። በመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ወይም በአፓረንት ጊዜሽ ይህን ያደረግሽበት አንድ እውነተኛ ምሳሌ አዘጋጂ። ስለ ስም ከምታጠኚው ሁሉ እሱ ይበልጥብሻል።

ስለ ስሙ የማውራት ዕድል ግን ራሱ ሊመጣ ይችላል። ቢዝነስ ካርድ ከሰጡሽ በሁለት እጅ ተቀበዪ። ወዲያው ቦርሳሽ ውስጥ አትክተቺው፤ እይው፣ ስሙን አንብቢው፣ ጠረጴዛ ካለ ፊትሽ አስቀምጪው። ላዩ ላይ አትጻፊበት። ካርዱ በአንድ ገጹ ካንጂ ካለው እና ጨዋታው ለስለስ ካለ፣ «ይህ እንዴት ይነበባል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከፈለጉ ያስረዱሻል። ጃፓኖች ስማቸው በየትኛው ካንጂ እንደሚጻፍ በሌላ የታወቀ ቃል ማስረዳት ለምደዋል። ካልፈለጉም «ታናካ» ብለው ያልፉታል። አንቺም አብረሽ እለፊው።

ከእነሱ ስም ይልቅ በአንቺ ስም ላይ ብትዘጋጂ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ያንቺ ልማድ እነሱን እንዳልገጠመ ሁሉ፣ የእነሱም አንቺን አይገጥምም። ስምሽ አልማዝ ከበደ ቢሆን፣ ጃፓኖቹ ያለ ጥርጥር «ከበደ-ሳን» ይሉሻል። የቤተሰብ ስምሽ መስሏቸው ነው እንጂ አባትሽን እየጠሩ መሆኑን አያውቁም። አንዳንዱ ሰው ለዓመታት በአባቱ ስም እየተጠራ፣ ለመናገር አፍሮ ይኖራል። መጀመሪያውኑ በጥሩ ፊት ተናገሪ፦ «በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም። ሁለተኛው ስም የአባቴ ነው። አልማዝ ብትሉኝ ደስ ይለኛል።» ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ጥሩ ጨዋታ ይከፍታል። የስምሽን ትርጉም ከጠየቁሽ ያኔ ንገሪያቸው። ፎርም ላይ ግን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ብቻ ሙዪ፤ እዚያ ማብራሪያ አይገባም።

ሥራው ወደ ጃፓን የሚያስኬድ ከሆነ ስምሽን በካታካናም አዘጋጂ። ካታካና የውጭ ስም የሚጻፍበት ፊደል ነው። እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ሐሳቡ አይከብድሽም። ድምፆቹ ግን ያንሱታል፤ ልና ርን አይለይም፣ ጠና ተንም እንዲሁ። አልማዝ «አሩማዙ» ትሆናለች። ሳቂና ተቀበዪው። ዋናው አንዴ የመረጥሽውን አጻጻፍ አለመቀያየር ነው፤ ባንክ ሒሳብ የሚከፍትልሽ በካታካና ስለሆነ፣ ደመወዝ የሚያስገባው ክፍል የያዘው አጻጻፍ ከባንኩ ጋር ካልገጠመ መንከራተት ይመጣል።

ለመግቢያ የምትሆን አጭር ነገር ተለማመጂ። «ሀጂሜማሽቴ» ማለት ስንተዋወቅ የመጀመሪያችን ነው እንደማለት ነው። ከዚያ ስምሽን፣ ከዚያ «ዮሮሽኩ ኦኔጋይ ሺማስ»፤ ትብብርዎ አይለየኝ እንደማለት ነው። ከዚህ በላይ ጃፓንኛ ካልቻልሽ አትሞክሪ፤ የቀረውን በእንግሊዝኛ ቀጥዪ። ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኪ፤ አናቱ ላይ «ዲር ታናካ-ሳን»። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን «ማኮቶ በይኝ» ካሉሽ «ማኮቶ-ሳን» ትያቸዋለሽ።