«ሰዋስው አውቃለሁ፤ ስናገር ግን ‹ምን አልክ?› ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ላሊበላ ነው የምኖረው። አስጎብኚ ለመሆን እየተዘጋጀሁ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ሰዋስውም አይቸግረኝም። ከእንግዶች ጋር ሳወራ ግን ደጋግመው «ምን አልክ?» ይሉኛል፤ ያኔ የማውቀውም ይጠፋኛል። እንደ ፈረንጅ ለመናገር ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እንደ ፈረንጅ መናገርን ግን ተወው። ያንተ ሥራ እንግዳው ሳይቸገር እንዲረዳህ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መንሮና ደርዊንግ የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ አነጋገሩ ከባድ የውጭ አገር ቃና አለው የተባለ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሙሉ በሙሉ እንደሚገባ አሳይተዋል። ወሎዬነትህ ከአፍህ መጥፋት የለበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ጆሮ ላይ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ፊደላችንም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቆጥሮ አስቀምጦልናል። እንግሊዝኛ ከዚያ በላይ ስላለው ጆሯችን ትርፎቹን በግድ ወደምናውቃቸው ሰባት ይደለድላቸዋል። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ መርከብንም በግንም «ሺፕ» የምንለው (ላሊበላ ላይ ደግሞ ስለ በግ ማውራትህ አይቀርም)። የበጉ ኢ ረዘም ያለ ነው፣ ከንፈርም ይለጠጣል። የመርከቡ አጠር ብሎ ላላ ያለ ነው፤ በእኛ ኢ እና በእኛ እ መካከል ፈልገው፣ ታገኘዋለህ።

ግን ለመናገር አትቸኩል፤ መጀመሪያ ለይተህ ስማ። ሎጋን፣ ላይቭሊና ፒሶኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓኖችን የእንግሊዝኛውን ረ እና ለ አለማምደዋቸው ነበር፤ ጃፓኖች እነዚህን ሁለቱን መለየት በጣም ይከብዳቸዋል። የተለያዩ ሰዎች ድምፅ እያሰሙ፣ ትክክል ነው ስህተት ነው እያሏቸው አሠለጠኗቸውና ተሻሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በጣም የሚገርም ነው፤ ሰዎቹ መስማት ብቻ ተለማምደው አነጋገራቸውም ተስተካክሎ ተገኘ። ስለዚህ አንድ አስተማሪ ወይም አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ብቻ አትንጠልጠል። የሴት፣ የወንድ፣ የሽማግሌ፣ የልጅ ድምፅ ስማ። ጓደኛህ ስልኩ ላይ ከሁለቱ ቃላት አንዱን እየከፈተ ይጠይቅህ፤ አንተ የትኛው እንደሆነ ንገረው፤ እሱ ወዲያው ያርምህ።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ጉልበት ነው። አማርኛ ላይ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል ልንለው እንችላለን፣ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍል ከፍ አድርጎ ሌላውን ይውጠዋል። «ፎቶግራፍ» ላይ ጉልበቱ «ፎ» ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ሲሆን ግን ጉልበቱ ወደ «ቶ» ይሄዳል፣ የፊቱ «ፎ»ም ይደክምና ወደ «ፈ» ይጠጋል፦ ፈ-ቶ-ግረ-ፈር። አየህ፣ ያ የደከመ ድምፅ ከግዕዙ አናባቢያችን ብዙ አይርቅም፤ ባዕድ ነገር አይደለም። እንግዳው «ምን አልክ?» የሚልህ ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ያለቦታው ስላደረግኸው ነው እንጂ አንዲት ፊደል ስለሳትክ አይደለም። አዲስ ቃል ስትይዝ ትርጉሙን ብቻ አትጻፍ፣ ጉልበቱ ያለበትን ክፍል አስምርበት።

ሌላው ቀላል ነው። «እስኩል»፣ «እስትሪት» እያልክ ከፊት እ አትጨምር፤ ስ-ን ጎተት አድርገህ ቀጥታ ግባ። እንግሊዝኛ ላይ ድርብ ፊደል ስታይም አታጥብቅ። እኛ «ገና» ስንል በማጥበቅና በማላላት በዓሉን ከ«ቆይ ገና ነው» እንለያለን፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ድርብ ፊደል የጽሕፈት ነገር ነው፣ የበጋውን «ሰመር» መ አላልተህ በለው።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ፣ ዐረብኛ እየተማርኩ ነው። ኡስታዜ «ሁሉንም ሀ አንድ አደረግሻቸው» ይለኛል። ለእኔ ግን ልዩነታቸው አይሰማኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቢያስቸግርሽ አይግረምሽ። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ለይቶ ይጽፋል፤ አማርኛ ስንናገር ግን ልዩነቱ ከጠፋ ቆይቷል። አ እና ዐም እንደዚያው። ትግርኛ ሐ እና ዐን እስካሁን በአፍ ይለያል። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካለሽ የሳምንቱን ቀናት ቁጠሪልኝ በያት፤ «ሓሙስ» እና «ዓርቢ» ስትል ጉሮሮዋ ውስጥ ጠበብ ሲል ትሰሚዋለሽ። የዐረብኛውም ሐ እና ዐይን እዚያው ነው የሚወጡት። ኀ ከፍ ብሎ ከላንቃ ጀርባ ይፋቃል።

አንድ የሚያሳስተን ሌላ ነገር አለ። ጠ ስንል ጉሮሯችን ተዘግቶ ድምፁ ፈንዳ ይላል። የዐረብኛው ጧእ አይፈነዳም፤ የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ይሰበሰብና ተከትሎ የሚመጣው አናባቢ ይወፍራል። ቀ ላይም ልዩነት አለ፣ ግን ቢያንስ «ቀልብ» እና «ከልብ» አይምታቱብሽም፤ በዐረብኛ አንዱ ልብ ሌላው ውሻ ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የባሕረ ሰላጤው አገር ሰው ሲያወራ ቀውን ገ አድርጎ «ገልብ» ቢልሽ አትደንግጪ። ማጥበቅና ማላላት ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ ተማሪ በብዙ ትበልጫለሽ፦ በዐረብኛ «ደረሰ» ረ ሲላላ ተማረ፣ ሲጠብቅ አስተማረ ነው።

ኡስታዝሽ ተጅዊድ (የቁርኣን አነባበብ ሥርዓት) ላይ መኽረጅ ሲያስተምር በርትተሽ ስሚው። እያንዳንዱ ፊደል ከአፍና ከጉሮሮ የትኛው ቦታ እንደሚወጣ የሚያስረዳ ትምህርት ነው፤ የዐረብኛ ሰዋስው ሊቁ ሲበወይህ በ8ኛው መቶ ዘመን ይህንኑ በዝርዝር ገልጾታል፤ ዛሬ የድምፅ ሳይንስ የሚጀምረውም ከዚሁ ጥያቄ ነው። የወሎ ደረሶች ሲቀሩት የኖሩት ትምህርት ነውና ደጃፍሽ ላይ አለልሽ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነጋዴ ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው። ከሚሴ ስለምመላለስ ኦሮምኛ ጀምሬያለሁ። ልጆቼ አነጋገሬን ሰምተው ይስቁብኛል። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ አልረፈደም ጋሼ። ወርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ እንግሊዝኛ ሲሰሙ የሚያድጉ ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ወራቸው የሕንድ ቋንቋ ድምፆችን ይለያሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወራቸው ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ መለየት ያቅታቸዋል። ጆሮ መጥበብ የጀመረው እንግዲህ 57 ሲሞላዎ አይደለም፣ ገና ሲታዘሉ ነው። የልጆችዎም ጆሮ እንደዚያው ጠቧል። ከልጅነት መጀመር እንደሚቀል አልክድም፤ ድምፅ የመማር ችሎታ ግን ዕድሜ ልክ አብሮን ይኖራል።

ሁለት ነገር ላይ ያተኩሩ። አንደኛ የአናባቢ ርዝመት፦ «ለፋ» መሬት ነው፣ አናባቢዎቹን አርዝመው «ላፋ» ካሉት ለስላሳ ይሆናል። ሁለተኛ ዸ የምትባለዋ ድምፅ፤ አማርኛ የላትም። ምላስዎን ወደ ላይ ቀልበስ ያድርጉና አየሩን ወደ ውስጥ እንደመሳብ እያሉ ይሞክሯት። ከሚሴ ገበያ ሲሄዱ ቅቤ ሻጮቹ ጋ ጎራ ይበሉ፤ ቅቤ «ዸዻ» ነው፣ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቴ ያገኟታል። አንዷን ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ሦስት አራቱን እንዲሉልዎ ይጠይቁና ከዚያ በኋላ ዋጋውን ይከራከሩ።