በፎቶ ካሜራ ፊልም ይሠራል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ፎቶ የምታነሳበት ካኖን 600ዲ አለህ፣ ከኪት ሌንሱ (ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚመጣው) ሌላ አንድ 50 ሚሊሜትር ይዘሃል። የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ልትሠራ ስትነሳ ጓደኞችህ "በፎቶ ካሜራ ፊልም አይሠራም፣ ትንሽ ቆይና ደህና ሲኒማ ካሜራ ግዛ" አሉህ። አትቆይ። እኔ በዚሁ ካሜራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሠርግም፣ ክሊፕም፣ ሦስት አጭር ፊልምም። የተቃጠልኩባቸውን ነገሮች ልንገርህ፣ አንተ አትቃጠልባቸው።

የጓደኞችህ ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ቪዲዮ ይዘው ብቅ ያሉት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ "ሀውስ" የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የ6ኛውን ምዕራፍ መዝጊያ ክፍል በ5ዲ ማርክ 2 ቀረጸው። የአንተ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ) ደግሞ ወርዱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 35 ሚሊሜትር በሚባለው የሲኒማ ፊልም ላይ ካለው ምስል ወርድ ብዙም አይርቅም። ጀርባው ድብዝዝ ብሎ ፊቱ ጥርት የሚለው፣ ሁላችንም የምንወደው ያ መልክ ከዚያ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ቪዲዮ ሲስተሙን ፓል አድርገው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ሻተሩን አትንካው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ላይ ካደረግከው ፍሎረሰንት ባለበት ክፍል ምስሉ ላይ ጥላ የመሰለ መስመር ይንሸራሸርብሃል። ውጭ ስትቀርጽ ግን ሌላ ፈተና አለ። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሻተር 1/50 አድርገህ ሌንሱን 2.8 ላይ ብትከፍተው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ምስሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ብዙ ሰው ያኔ ሻተሩን 1/3200 ያደርገዋል፤ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ የሰዎቹ እንቅስቃሴ ግን ይቆራረጣል፣ ሲራመዱ የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው፣ ለካሜራ የፀሐይ መነጽር ማድረግ በለው። እሱን እስክታገኝ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቅረጽ። ብርሃኑም ያን ጊዜ ያምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዴ ልምጣ። በሁለተኛው ፊልሜ ላይ አንዲት እናት ቡና ስትቆላ የሚያሳይ ሲን ነበረኝ። ነጠላ ለብሳለች፣ ከኋላዋ የግቢው ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ሳየው ልቤ ሞላ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የነጠላው ድር ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ይርመሰመሳል፤ እሷ በተነፈሰች ቁጥር መስመሩም ይሄዳል። ቆርቆሮውም እንደዚያው። ሞይሬ ይሉታል። እነዚህ ካሜራዎች ከ18 ሜጋፒክስል ፎቶ ወደ ቪዲዮ ለመውረድ የሴንሰሩን መስመር እየዘለሉ ስለሚያነቡ ስስና ተደጋጋሚ ነገር ሲያዩ ይደናገራሉ፣ እና ኤዲቲንግ ላይ ማጥፋት በጣም ከባድ ነው። ደግመን እንዳንቀርጽ ተዋናይዋ ሹሩባዋን ፈትታ ሌላ ተሠርታለች። ከሲኑ የተረፈኝ የፊቷና የእጇ ክሎዝ አፕ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሻርፕነሱን (ምስሉን ጥርት የሚያደርገውን ምርጫ) ሜኑ ውስጥ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው፣ ቆርቆሮውን ከፎከስ አስወጣው፣ ነጠላ ካለ ጠጋ ወይም ራቅ እያልክ ሞክር። ከዚያ ሳትቀጥል አንድ ሾት ላፕቶፕ ላይ ክፈትና እይ።

ፎከስ ራስህ ነህ የምትይዘው፤ 600ዲ እየቀረጸ ሰው አይከተልም። ከመጀመርህ በፊት ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉላና ዓይኑ ላይ ያዝ። ሌንሱን 1.8 ላይ አትክፈተው፣ ተዋናዩ ትንሽ ራሱን ሲያነቃንቅ ያመልጥሃል፤ 4 ላይ አድርገው። የሚራመድ ከሆነ የሚቆምበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ረጅም ሾትም አታስብ፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም 11 ደቂቃ አካባቢ ላይ፣ ካሜራው ራሱ ያቆማል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሠርግ ላይ ሽማግሌው እየመረቁ ነው።

ድምፅ። ወንድሜ፣ ገንዘብ ካለህ እዚህ ላይ አውጣው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። የካሜራው ማይክ ሌንሱ ሲዞር ይሰማዋል፣ ጎረቤት ያለው ባጃጅም ይሰማዋል፣ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመው ተዋናይ ግን ከጉድጓድ የሚናገር ይመስላል። አውቶ ላይ ከተውከው ደግሞ ተዋናዩ ዝም ባለ ቁጥር ካሜራው ድምፁን ራሱ ከፍ እያደረገ "እስስስ" ይላል። ያ ዝምታ ለፊልምህ ከንግግሩ በላይ ሊያስፈልግህ ይችላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ርካሽ ላፔል ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ) ስልክ ላይ ሰክቼ ስልኩን ተዋናዩ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንዴ አጨበጭባለሁ፤ ኤዲቲንግ ላይ የጭብጨባውን ምስልና ድምፅ ማገጣጠም ነው። የካሜራውን ድምፅ ማኑዋል አድርጌ ለመመሳከሪያ ያህል ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ። ፍሪጁን ንቀል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ቅዳ፣ ንግግር ስትቆርጥ ክፍተቱን ይሞላልሃል። 600ዲ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስለሌለው ከእያንዳንዱ ሲን በኋላ ከስልኩ አዳምጥ፤ ተዋናዮቹ ወደ ቤታቸው ሳይሄዱ።

መብራት የለኝም ብለህ አትጨነቅ። መስኮት አለ፣ ነጭ አንሶላ አለ። አይኤስኦውን ከ800 በላይ ላለመውሰድ ሞክር፣ ጨለማው ውስጥ ነጠብጣብ ይበዛል።

ስክሪፕቱን ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የትኛው ሲን እንደሚያስቸግርህ አይቼ እነግርሃለሁ። ቡም (ማይክ የሚሰቀልበት ረጅም ዘንግ) የሚይዝ ሰው ካጣህም ቅዳሜና እሁድ ሥራ የለኝም።