«እኔ እስክመጣ አትጠብቅ፣ አንተ ፈርም»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ምድር ላይ ሱቅና ካፌ አለ፤ ከላይ ቢሮና ፔንሲዮን ነው። ባለቤቱ ጋሼ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። በየዓመቱ የእሳት አደጋ መከላከያው የተሟላ መሆኑን የሚገልጽ ቅጽ ተሞልቶ ይቀርባል። አምና «እኔ እስክመጣ አትጠብቅ፣ አንተ ፈርም» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ዘንድሮም እንደዚያው እያሉኝ ነው። የእሳት ማጥፊያዎቹ ግን ጊዜያቸው አልፏል፤ የኋላው ደረጃም ለሌባ ተብሎ ተቆልፏል። ነገር ቢመጣ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ስለዚህ ዘንድሮ ይህ ሳይስተካከል አይፈርሙ።

ብዙ ሰው የፈረመ ሰው ጣጣውን ሁሉ ይዞት የሚሄድ ይመስለዋል። ሕጉ እንደዚያ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱ የመጣው ባልታሰበ ምክንያት ቢሆንም እንኳ። ጋሼ አዲስ አበባ ኖሩ ዱባይ ለውጥ የለውም። እርስዎ ተቀጣሪያቸው ከሆኑ ደግሞ፣ በሥራዎ ላይ ለሚያጠፉት ጥፋት አሠሪው እንደሚጠየቅ አንቀጽ 2130 ይደነግጋል።

የእርስዎ ጣጣ ሌላ ነው። ቅጹ ላይ «ማጥፊያዎቹ ይሠራሉ፣ መውጫው ክፍት ነው» ብለው ሲፈርሙ ምስክርነት እየሰጡ ነው። እንዳልሆነ ደግሞ ያውቃሉ፤ ለእኔ ራስዎ ጽፈውልኛል! እያወቁ ሐሰት መጻፍ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። እግዜር አይበለውና ሰው ከሞተ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ። «ጋሼ አዘውኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም እንዲሁ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል። የፔንሲዮኑ እንግዳ ምድጃ ሰክቶ ይተኛል፤ ከታች ካፌው ቡታጋዝ ያነዳል። ሌሊት ጭስ ቢነሳ የኋላው ደረጃ ቁልፍ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደግሞ በር ላይ ላይኖር ይችላል። ይህን ለማስተካከል ብዙ ብር አይፈልግም፤ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይግጠሙለት። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ይዩ። የግፊት መለኪያ ካለው መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው? ፒኑ አለ? የመጨረሻው ምርመራ ቀን ተጽፏል? ያገኙትን በደብዳቤ ለጋሼ ይጻፉ፣ ገንዘቡንም በዚያው ይጠይቁ። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልዎ። በስልክ የተባለ ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ይካዳል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ቅጹ «ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል» የሚል ከሆነ፣ በቃል ትእዛዝ ብቻ አይተማመኑ። በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የተሰጠ ውክልና ይጠይቁ። ሁሉም ከተሟላ በኋላ ሲፈርሙም «ስለ ባለቤቱ» ብለው በወኪልነትዎ ይፈርሙ። የኤሌክትሪክ መስመሩን የመረመረው ባለሙያ ደግሞ በራሱ ስም ይፈርም። እርስዎ ስለማያውቁት ሽቦ አይመስክሩ።

«እምቢ ብል ያባርሩኛል» ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። ተራ ሠራተኛ ከሆኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይከላከልልዎታል፤ ሐሰት አልፈርምም ማለት የስንብት ምክንያት አይሆንም። ችግሩ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። «አስተዳዳሪ» የሚለው መጠሪያ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግዎትም፤ የሚታየው የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም የመወሰን ሥልጣን መኖሩ ነው። ስለዚህ ውልዎን ለጠበቃ ያሳዩ።

የአምናው ቅጽ ሲፈረምም ሁኔታው እንዲሁ ከነበረ፣ ጠበቃው ጋ ሲሄዱ እሱንም ይያዙ። አይቅደዱት፤ ቀኑንም ለውጠው ለዘንድሮ አይጠቀሙበት።