ስለ ታላቅ እህትዎ አርባ ላቀረቡት ጥያቄ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንደ እናት ያሳደገችዎት ታላቅ እህትዎ አርባዋ ሲደርስ፣ ዘመድ እንደሚለው ተበድሮም ቢሆን ትልቅ ድግስ መደገስ ግዴታ ነው ወይ ብለው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጠይቀዋል። ግዴታ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት የመታሰቢያ ቀናት ሲሆኑ፣ በእነዚህ ቀናት ዋናው ነገር ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው። የክርስትና ስሟን ለካህናቱ ሰጥተው ያስቀድሱላት (የመጠሪያ ስሟ አይበቃም)፤ ዳቦና ንፍሮም አቅምዎ በፈቀደ መጠን ለተቸገሩት ያካፍሉ።

እኔም እትዬን በሞት አጥቻለሁ። ካራ ስንኖር በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች የእኔን ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ትገዛ ስለነበር፣ በሙት ዓመቷ ለድግስ የታሰበውን ገንዘብ አባት ለሌላቸው የሰፈራችን ልጆች ደብተር አዋልኩት፤ ይህን ያህል እርሷን የመሰለ መታሰቢያ ላገኝላት አልችልም ነበር። እርስዎም እህትዎ በሕይወት ሳለች ለማን ትራራ እንደነበር ያስቡና ለእነርሱ ያድርጉ። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ የተለያችኋቸውን የቀድሞ ጎረቤቶቻችሁንም ለአርባዋ ይጥሯቸው፤ እርስዎ ሕፃን ሳሉ የነበረችውን እህትዎን የሚያውቋት እነርሱ ናቸውና፣ የሚነግሩዎትን በጽሑፍ ያስቀምጡት።