ዋና ሳልችል ካያክ ላይ ልውጣ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ለሁለት ሳምንት አጭር ሥልጠና ወደ ሲንጋፖር ልሄድ ነው። መሀል ላይ ያለችው ቅዳሜ የእኛ ናት። አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች ፑላው ኡቢን የምትባል ደሴት ላይ ከአስጎብኚ ጋር ሳይክል ሲነዱና ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ) ሲቀዝፉ ለመዋል ሊመዘገቡ ነው። እኔ ግን ዋና አልችልም። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሳይክል ከነዳሁም አሥር ዓመት አልፎኛል። ልቅር ብል ደግሞ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ይገኛል? በዚያ ላይ ያ ሳምንት ጾም ነው። ለመሆኑ አስጎብኚ የግድ ነው? በራሳችን ብንሄድስ?
የደሴ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዋና እንደማትችይ ስትመዘገቢ ንገሪያቸው። ጠዋት ደሴቷ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ለአስጎብኚው በቃልሽ ድገሚለት።

ይህን አጥብቄ የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። እዚያው ደሴት የሄድኩ ጊዜ የምንሞላው ቅጽ ላይ «ዋና ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። አፈርኩና «አዎ» አልኩ። እውነቱ ግን የመዋኛ ገንዳ ጠርዝ ካልያዝኩ አልችልም ነበር። አስጎብኚው ያልኩትን አምኖ እንደኔው ጀማሪ ከሆነች ልጅ ጋር አስቀመጠኝ። ዳር ዳሩን ስንሄድ ሁሉም ሰላም ነበር። ገለጥ ያለው ውኃ ላይ ስንወጣ አንድ የሞተር ጀልባ በሩቁ አለፈና ማዕበሉ እኛ ጋ ደረሰ። ያን ያህል ትልቅ ማዕበል እንኳ አልነበረም። እኔ ግን መቅዘፊያዬን ጭብጥ አድርጌ ይዤ ደርቄ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ «ቅዘፊ እንጂ!» ብትለኝም እጄ አልታዘዝ አለኝ። አስጎብኚው ተመልሶ መጣ፣ ገመድ አሰረልንና ጎትቶ አወጣን። ቁጣ የለ ምን የለ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ከራሴ ጋር ነበር የማስቀምጥሽ» አለኝ። በቃ፣ ይኼው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ያን ግማሽ ሰዓት በደስታ አሳልፈው ነበር።

ስለ ካያኩ ልንገርሽ። ለጎብኚ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሰፋ ያለ፣ ከላይ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። የምትቀመጪው ላዩ ላይ ነው። ቢገለበጥ እንኳ ውስጡ የሚያፍንሽ ነገር የለም፤ ውኃው ላይ ትወድቂያለሽ፣ ላይፍ ጃኬቱ ያንሳፍፍሻል። ጃኬቱ ልክሽ መሆኑን የምታውቂው እንዲህ ነው። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፊና ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትትልሽ። ወደ ጆሮሽ ከወጣ ሰፍቶሻል፤ ይጥበቅ ወይም ይቀየር። ከዚያ ካያኩ ላይ ሳትወጪ አስጎብኚውን አንድ ነገር ለምኚው። ወገብሽ ድረስ ውኃ ውስጥ ግቢና ጃኬቱን እንደለበስሽ እግርሽን አንሺ። ተንሳፈፍሽ አይደል? ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው፤ ግን «ይይዝሻል» ተብሎ አሥር ጊዜ ከሚነገርሽ፣ ሰውነትሽ አንድ ጊዜ ራሱ ቢያየው ይሻላል። ስትቀዝፊ ከፊት ተቀመጪ። ጀልባውን የሚመራው ከኋላ ያለው ነውና እሱን ለሚችል ሰው ተዪለት።

አስጎብኚ የግድ ነው ወይ ላልሽው፣ ለሳይክሉ የግድ አይደለም። ኡቢን ስፋቷ 10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቻንጊ ፖይንት ከሚባለው የጀልባ መነሻ በአሮጌ የእንጨት ጀልባ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ጀልባው 12 ሰው ሲሞላ ይነሳል፤ ልክ እንደኛ ታክሲ ማለት ነው። የቸኮለ ሰው የጎደለውን ወንበር ከፍሎ ያስነሳዋል። ታሪፉ በሰው 4 የሲንጋፖር ዶላር አካባቢ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ከጀልባው እንደወረድሽ ሳይክል የሚያከራዩ ሱቆች ተደርድረው ታያለሽ። ስለዚህ ሳይክሉን ብቻ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ካያኩን ግን ያለ አስጎብኚ አትሞክሩት። ደሴቷ ያለችው በሲንጋፖርና በማሌዥያ መካከል ባለው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው። ድንበሩ ውኃው ላይ ነው የሚያልፈው፤ ጀልባም ይመላለስበታል። ከሁሉ በላይ ግን ባሕሩ ራሱ ይሞላል፣ ይጎድላል። በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች። ባሕር ሳናይ ላደግን ሰዎች ይህ ቶሎ አይዋጥልንም። ጠዋት ካያክ የሚያስኬድ የነበረ ቦይ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ይጠብቅሻል። መንገዱንና ሰዓቱን አስጎብኚው የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። አንዳንዴ መጀመሪያ ካያክ፣ ከዚያ ሳይክል፤ አንዳንዴ በተቃራኒው። «ለምን በዚህ ሰዓት?» ብለሽ አትከራከሪ፤ ውኃው ነው ያዘዘው።

ካነሳሁት አይቀር ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ምክንያት ጀልባ ያመለጠው ሰው ስለማውቅ። መልእክት ላይ «8:00» ተብሎ ከመጣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አንዳችሁ በእኛ፣ ሌላችሁ በእነሱ ሰዓት ስትነጋገሩ መጠፋፋት ይመጣል። ቀጠሮውን እንደተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ያዙት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ማንግሮቭ የሚባሉት ዛፎች ጨዋማ ውኃ ውስጥ ነው የሚበቅሉት። ቦዩ እየጠበበ ሲሄድ ቅርንጫፎቹ ከላይ ይገጥሙና ጥላ ውስጥ ትገቢያለሽ። ነፋሱ ቀጥ ይላል። ሥራቸው እንደ ሸረሪት እግር ከውኃው በላይ ቆሟል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጭቃው ውስጥ እንደ እርሳስ ሽቅብ ተተክሏል። ጭቃው አየር ስለሌለው በእነዚያ ነው የሚተነፍሱት። መቅዘፍ አቁሚና ጆሮሽን ስጪ። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ የሚል ድምፅ አለ፤ ልክ ለቡና ፈንዲሻ ሲፈነዳ ከጓዳ የሚሰማው ዓይነት። ጭቃው ውስጥ ያሉ ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ጥፍራቸውን በፍጥነት ሲገጥሙ ነው። እኔ ካያኩን ሥር አስጠግቼ ቁጭ ብዬ አንድ ዓሣ ሳይ ቆየሁ። አዎ፣ ዓሣ፣ ግን ከውኃ ውጪ። አውራ ጣት የምታክል፣ ጭቃ የመሰለች፣ ዓይኖቿ አናቷ ላይ ጉብ ያሉ። በፊት ክንፎቿ እየተመረኮዘች ሥሩ ላይ ወጣች፤ ትንሽ አየችኝና ዘላ ጭቃው ላይ ጥፍት አለች። ቆዳዋ እስካልደረቀ ድረስ በአየር መቆየት ትችላለች። ለዚያች ዓሣ ብቻ ብትሄጂ አይቆጭሽም።

ሳይክሉን አትፍሪው። አሥር ዓመት ብዙ አይደለም፣ እግር አይረሳም። ግን አንድ እሑድ እዚሁ አዲስ አበባ ተከራይተሽ ነድተሽ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ከኪራዩ በፊት ፍሬኑን በሁለቱም እጅ ሞክሪ፣ የፊቱ የቱ እንደሆነ እወቂ፤ ኮርቻውን ለቁመትሽ አስተካክዪ። የግራ መንገድ መሆኑን አትርሺ። ሲንጋፖር መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ ኡቢን ላይም ያሉት ጥቂት መኪኖች እንደዚያው። ኩርባ ላይ እኛ በልማድ ወደ ቀኝ እንሳባለንና ተጠንቀቂ። ኬታም የሚባለው የተራራ ሳይክል ቦታ ድንጋይና ቁልቁለት ስላለው ለአሁኑ ይቅርብሽ።

ቼክ ጃዋን ግን እንዳታልፊው። በምሥራቁ ጫፍ ያለ ረግረግ ነው። ማንግሮቭ፣ አሸዋ፣ ዓለት፣ የባሕር ሣርና ሌላውም እዚያች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መንግሥት ቦታውን በአፈር ሞልቶ ወደ መሬት ሊለውጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሕዝቡ ከመጥፋቱ በፊት ልየው ብሎ ጎረፈ፤ ተፈጥሮ ወዳዶችም የሚኖርበትን ፍጥረት እየመዘገቡ ለመንግሥት አቀረቡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ዕቅዱ እንዲቆይ ተደረገ። ዛሬም አለ። ሳይክሉን በር ላይ አቁመሽ በእግር ነው የምትገቢው። ውኃው ሲጎድል ነው ብዙ የሚታየው። በመንገድ ላይ በውኃ የተሞሉ ገደላማ ጉድጓዶች ታያለሽ፤ የድሮ ግራናይት መፍለጫዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1851 የተጠናቀቀው የሆርስበርግ የመርከብ መብራት ማማ የተሠራው በዚህች ደሴት ድንጋይ ነው። የመጨረሻው መፍለጫ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ውኃው ሲያዩት ያምራል፣ መዋኘት ግን ክልክል ነው።

ለጾሙ አታስቢ። ሲንጋፖር ውስጥ የቬጀቴሪያን ምግብ ሞልቷል። ግን «ቬጀቴሪያን» ሲሉሽ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ለይተሽ ጠይቂ። ሳምባል የሚሉት ቀይ ማባያ ደግሞ ዳጣ መስሎሽ እንዳትሸወጂ፣ ብዙውን ጊዜ የተብላላ ሽሪምፕ ይገባበታል። ደሴቷ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች በአብዛኛው የባሕር ምግብ ነው የሚሠሩት። የጾም ምሳሽን ከከተማ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል። በፌስታል ግን አትያዢ! ጦጣዎቹ ፌስታል ሲያዩ ምግብ እንደሆነ ያውቃሉ፣ የዱር አሳማዎቹም ከሳይክል ቅርጫት ላይ ይዘው ይሄዳሉ። ቦርሳ ውስጥ ከተሽ ዚፑን ዝጊው። ጾምሽ እስከ ምሳ ሰዓት ምንም የማትቀምሺበት ከሆነ ግን ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሙቀት መቅዘፍ አደገኛ ነው፤ ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርደሽ ከባሕር እኩል ነው የምትሆኚው፣ ያውም ከምድር ወገብ አጠገብ። 31፣ 32 ዲግሪ ሲባል ደረቅ ሙቀት እንዳይመስልሽ፤ ላቡ ሳይደርቅ ይውላል። ሁለት ሊትር ውኃ ያዢ፣ ሳይጠማሽ ጠጪ። ስስ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሺ። ጂንስ አይሆንም፣ ከረጠበ አይደርቅም። ነጠላ ጫማም ጭቃው ይበላዋል፤ ከኋላ የሚታሰር ሰንደል አድርጊ። ስልክሽን ውኃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጊው። መብረቅ ካለ አስጎብኚው ካያኩን ያቋርጣል፤ እዚያ አገር መብረቅ በጣም ይበዛል። እንዲያ ከሆነ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አቡ ዳቢ ነው የምሠራው። ዕረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ናት። ሩቅ አገር መሄድ አልችልም። እዚሁ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ?
ዕረፍት ናፋቂው፣ ከአቡ ዳቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጠገብህ አለልህ። ጁበይል ደሴት ላይ ማንግሮቭ አለ፤ በእንጨት መንገድ በእግርህ መሄድ ወይም ከአስጎብኚ ጋር ካያክ መቅዘፍ ትችላለህ። ሳይክል ከፈለግህ ሁደይሪያት ደሴት ላይ መንገዱም ኪራዩም አለ። በአንድ ቀን ሁለቱን አታጣምር፣ ዕረፍትህን ይበላብሃል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጥሩ ነው። ከዚያ ውጪ ባሉት የሙቀት ወራት ቀን ላይ እንዳትሞክረው፤ ገና ሊነጋ ሲል ወይም ፀሐይ ስትወርድ ሂድ። እንደ ሲንጋፖሩ ያለ ደን አትጠብቅ፣ ዛፎቹ አጠር ያሉ፣ ዓይነታቸውም አንድ ነው። ፀጥታው ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ63 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ሲንጋፖር የምትኖረው ልጄ ልጠይቃት ስሄድ ይህችው ኡቢን ደሴት በሳይክልና በካያክ ልትወስደኝ አስባለች። ዋና እችላለሁ፣ ልጅ ሆኜ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት። ጉልበቴ ግን ያመኛል። ለእሷ አልነገርኳትም፣ ደስታዋን እንዳላበላሽባት።
አባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ መዋኘቱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ጉልበቱ ነው። ካያክ ላይ እግርዎን ዘርግተው አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣሉ። ሲቀዝፉ አያምዎት ይሆናል፤ ከባዱ መነሳቱ ነው፣ ጭቃና ድንጋይ ላይ፣ ጀልባው እየተወዛወዘ። ስለዚህ ሲገቡም ሲወጡም የሚደግፍዎ ሰው ያስፈልጋል። ጥልቀት የሌለው፣ አሸዋማ መውጫ እንዲመረጥልዎም ይጠይቁ።

ሳይክሉ ለታመመ ጉልበት ከእግር መንገድ ሊቀል ይችላል፤ ኮርቻው ከፍ ይበል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ወርደው ይግፉት። ደክሞኛል ካሉ ደሴቷ ላይ ሰው የሚጭኑ ትንንሽ መኪኖች አሉ። ቼክ ጃዋ ከጀልባ መውረጃው ሦስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በእነሱ ደርሰው ልጅዎን እዚያ ሊጠብቋት ይችላሉ።

ግን ጋሼ፣ ለልጅዎ ይንገሯት። ስትመዘግብ ጉልበትዎን ካላነሳች አስጎብኚው ረጅሙን መንገድ ይይዝላችኋል፣ ከመሀል ቦይ ደግሞ አቋርጦ መውጣት የለም። አሁን ከነገሯት አጭሩን መንገድ ትመርጣለች፣ እርስዎን ከፊት አስቀምጣ ራሷ ከኋላ ትቀዝፋለች። ገንዘቡን ሳትከፍል ዛሬውኑ ይደውሉላት። እነሱ ዘንድ ሰዓቱ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ ከምሳ በኋላ ቢደውሉ ከሥራ ወጥታ ያገኟታል።