ጥያቄና መልስ፦ ውሃው የት ይሄዳል?

ውሃ ስለሚያጎድሉ አሮጌ መኪናዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ጠዋት ራዲያተር እሞላለሁ፣ ማታ ጎድሎ አገኘዋለሁ። መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም።

ወንድሜ፣ መሬት ላይ ስላላየህ አልፈሰሰም ማለት አይደለም። የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ የሚቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የእጅ ባትሪ ይዘህ ማኒኮቶዎቹ (ውሃው የሚያልፍባቸው የጎማ ቱቦዎች) በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ) የታሰሩበትን ጫፍ ተመልከት። እንደ ደረቀ ጨው ነጭ ቅርፊት ካየህ አገኘኸው። ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ባለቀለም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የምትጠቀም ከሆነ ቅርፊቱ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይሆናል። ማኒኮቶውን በእጅህ ጨመቅ አድርገው፤ ከተንቋቋ ወይም እንደ በሰለ ሙዝ ከለሰለሰ ዕድሜው አልቋል።

ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ወደ ታች የወረደ የዝገት መስመር ካለ ፓምፑ ጨርሷል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ ደፍነው የሚያመጡልኝ አሉ! የፓምፑ ማሸጊያ ጎማ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ክፍል) ውስጥ እንዳይገባ ብለው ነው ሠሪዎቹ የበሷት።

ይህን ሁሉ አይተህ ምንም ካላገኘህ፣ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ሂድ። በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመው እስከ 0.9 ባር ይነፉና ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። መርፌው ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው አይተንም፣ የሚወጣበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር አለኝ። ክዳን ምን ያደርጋል? እያታለለኝ ይሆን?

አላታለለህም። እኔም መጀመሪያ የምጠረጥረው ክዳኑን ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ ከ90 በላይ መድረስ ልማዱ ነው። ታዲያ በየቀኑ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። አናቱ ላይ 0.9 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ ከላላ ወይም ጎማው ከደረቀ ግን ሽቅብ ስትወጣ ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ወደ ትርፍ መያዣው፣ ከዚያም ሞልቶ አስፋልት ላይ ይደፋል። ቤት ስትደርስ ጎድሏል፣ የፈሰሰበት ግን አይታይም። ስትገዛ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ክዳን አሮጌ ራዲያተር ይቀድዳል።

ደግሞ እባካችሁ በሙቀቱ አትክፈቱት። ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የተለማማጅነት ዘመን ማስታወሻዬ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ እርድ ጨምርበት፣ ይደፍነዋል ይለኛል።

እርዱን ለወጥ ተዪው እህቴ። እርድም ሆነ ሱቅ የሚሸጠው ማሸጊያ ቀዳዳውንና ቀጭኑን የራዲያተር መስመር አይለይም። ገጠር መንገድ ላይ ቆመሽ መውጫ ካጣሽ የሱቁን ተጠቀሚ፣ ከተማ ስትደርሺ ግን አሳጥቢው።

ጥያቄ፦ ከፊት ተሳፋሪ እግር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱም ይደበዝዛል።

የማሞቂያዋ ትንሿ ራዲያተር ናት፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ። ኩላንት ከሆነ ጣፋጭ ሽታ አለው። ጣፋጭነቱ አያታልላችሁ፣ መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል። የፈሰሰውን በደንብ እጠቡ።

ጥያቄ፦ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን (በእሱና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) እንደተቃጠለ በምን አውቃለሁ?

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አስነሳ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከተንፈቀፈቀ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው ማኒኮቶ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆነ፣ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ደግሞ መኪናውን አታንቀሳቅሰው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሲግል ይጣመማል። ስለዚህ ጋርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይታይ።

ጥያቄ፦ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውን) አስወጥቼዋለሁ። ችግር አለው?

አለው። ሞተሩ ሙቀቱን ሳይይዝ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል። መልሰው።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው ያለሁት። አሮጌ መኪና ገዝቼ እንደ አገር ቤት ውሃ እየሞላሁ ነው።

ዛሬውኑ ቀይረው! ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ብረቱን ሞተር ይሰነጥቃል። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት ብትሞላ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል።

ጥያቄ፦ የዲኤክሱ ባለቤት ነኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ነጩን ቅርፊት የታችኛው ማኒኮቶ ጫፍ ላይ አገኘሁት! ፋሼታውን ላጥብቀው?

ጎበዝ! ግን በማጥበቅ አትለፈው፣ የደረቀ ጎማ ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። ላይኛውንም ታችኛውንም ቀይራቸው፣ ራዲያተሩ አንገት ላይ ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። ስትሞላ የመኪናው አፍንጫ ሽቅብ ይሁን፣ ማሞቂያውን ሙሉ ለሙሉ ክፈት፣ ክዳኑን ሳትዘጋ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳና ከአፉ ራቅ በል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ያኔ ጨምር። አረፋው ሲያቆም ክደነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ከማስነሳትህ በፊት አንድ ጊዜ እየው።